በዱዓ የተጠራ ሁሉ አልሞተም

ጭሮ ውስጥ መጽሐፍ የጻፈ ሰው፣ ወይም እጽፋለሁ ብሎ የዛተ ሰው፣ አንድ ቀን የእኔን በር ያንኳኳል። ሌላ የሚያንኳኳው በር የለውም። ከመሰላ ጡረታ የወጣ የጤና ረዳት የሕይወት ታሪኩን በፌስታል ቋጥሮ መጥቷል። ግጥም የሚጽፍ የጫት ነጋዴ መጥቷል። ከቦኬ አንዲት አስተማሪ ልቦለዷን ይዛ መጥታ፣ ካነበበችልኝ በኋላ ሁለት ወር ተቀይማኝ፣ ተመልሳ መጥታለች። ያለ ቢሮና ያለ አለቃ፣ በገዛ ቤቴ ሳሎን፣ የሰው ጽሑፍ እያረምኩ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። አልተቸገርኩም።

ሕጎቼን ሁሉም ያውቃቸዋል። ደራሲን የምቀበለው ጠዋት ብቻ ነው። ከበርጫ በኋላ፣ ጫት ቅሞ የመጣ ደራሲ የጻፈው ሁሉ ያማረ ይመስለዋል፤ ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ሁሉንም ቀድጄ ልጣል ይላል። ከሁለቱም ጋር መሥራት አይቻልም። ጠዋት ቁርሱን በልቶ፣ ጫት ሳይገዛ የመጣ ሰው ግን የጻፈውን በልኩ ያየዋል።

ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብልኛል። እርሳስ አልይዝም። እጄን እግሬ ላይ አጣምሬ እሰማለሁ። ድምፁ ዝቅ የሚልበት ቦታ ይኖራል፤ ያ ቦታ ወይ ያላመነበት ነው፣ ወይ ከሌላ ሰው የወሰደው ነው። በኦሮምኛ አስቦ በአማርኛ የጻፈ ከሆነና ዓረፍተ ነገሩ ከተንገዳገደ፣ «እስቲ መጀመሪያ በኦሮምኛ ንገረኝ» እለዋለሁ። ይነግረኛል። ሲነግረኝ ፊቱ ይፈታል። «በል ይህንኑ ጻፈው» እላለሁ።

ሦስተኛው ሕግ ብዙዎች የሚጠሉት ነው። በሕይወት ያለ ሰው የተነሳበት ገጽ፣ ከመታተሙ በፊት ያ ሰው ፊት ይነበባል። ሰውየው ገለምሶ ከሆነ ገለምሶ ይኬዳል። ደራሲዎች ይነጫነጫሉ፤ አንዱ «መጽሐፍ ነው የጻፍኩት ወይስ የሽምግልና ውል?» ብሎኛል። ይህን ሕግ ከየት እንዳመጣሁት ግን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። አሁን እናገራለሁ። የሚመለከተው ሰው በሕይወት ስላለ ይህንን ጽሑፍም ፊቱ አንብቤለታለሁ። ሁለት ቦታ ላይ ተቆጣ። አንዱን አውጥቼለታለሁ።

አባቴ እዚሁ፣ ከተማው አሰበ ተፈሪ ብቻ ይባል በነበረ ጊዜ፣ የሸቀጥ ሱቅ ነበረው። ቤተሰቦቹ እንደ ብዙው ነጋዴ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። ስኳርና ጨው የሚጠቀለለው በአሮጌ ጋዜጣና ከመጽሐፍ በተገነጠለ ወረቀት ነበር። ማንበብ የተማርኩት በዚያ ነው። መጀመሪያም መጨረሻም የሌለው ገጽ አነብና፣ ከዚህ በፊት ምን ተብሎ ይሆን፣ ከዚህ በኋላስ ምን ይሆናል እያልኩ በልቤ እሞላዋለሁ። አንዳንዴ ገጹን ጨርሼ ሳላነብ አባቴ በርበሬ ጠቅልሎበት ለሰው ይሰጥብኛል፤ ያን ጊዜ አለቅስ ነበር። አርታኢነት ምንድን ነው ለሚሉኝ ይህንን ነው የምነግራቸው። የጎደለው ገጽ ምን ይል እንደነበር ማወቅ ነው።

ከትምህርት በኋላ ታይፕ ተማርኩና ትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ዳይሬክተሩ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ንግግር የሚያምርለት፣ ሰው የሚወደው ሰው ነበር። ስለ እሱ ስጽፍ እሳቸው ማለት ይገባኝ ነበር። ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ፤ ይበቃዋል።

ይህ ሰው የከተማውን የድሮ ጫት ነጋዴዎች ታሪክ ለመጻፍ ተነሳ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ጥሩውን ጥሩ ነው እላለሁ። ክርስቲያን ቢሆንም ከሰዓት በኋላ በርጫ አይቀርበትም፤ ጥግ ላይ ደብተሩን ይዞ ይቀመጥና ሽማግሌዎቹ የሚያወሩትን ይጽፋል። አራት ደብተር ሞላ። እነዚያን አራት ደብተሮች መጽሐፍ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። ሦስተኛውን ምዕራፍ አንደኛ አደረግኩ፤ አንዱን ታሪክ ሦስት ቦታ ጽፎት ነበር፣ ሁለቱን አወጣሁ፤ ነጋዴዎቹ በራሳቸው አንደበት እንዲናገሩ አደረግኩ። ሥራዬ ምን ይባላል ቢባል ግን «ታይፕ ትመታለች» ነበር።

አራተኛው ምዕራፍ ላይ የሟች ነጋዴዎች ስም ዝርዝር ነበረው። እያንዳንዱ ስም ፊት «መርሁም» ብሎ ጽፏል፤ እኛ ሙስሊሞች ለሞተ ሰው የምንለው ነው። አወቀልን ብሎ ኮርቶበት ነበር። አንዱ ስም ጋ ስደርስ ቆምኩ። እኚህ ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው ገለምሶ ገብተዋል፣ ታመዋል ሲባል ሰምቼ ነበር እንጂ ሞተዋል ሲባል አልሰማሁም። ጎኑ በእርሳስ ጥያቄ ምልክት አደረግኩና ይዤለት ገባሁ።

«ጋሼ፣ እኚህ ሰው በሕይወት ያሉ ይመስለኛል።»

«የለም። በርጫው ላይ ዱዓ ሲደረግ ስማቸው ከሟቾቹ ጋር ሲጠራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ዱዓ እኮ ለሕያውም ይደረጋል። ለታመመ፣ መንገድ ለሄደ...»

«ሽማግሌዎቹ ከሚሉት ያንቺ ይበልጣል? በይ አንቺ ታይፕሽን ምቺ።»

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የዚያን ቀን ነገር ለራሴ ሳስታውስ የማቆመው እዚህ ላይ ነበር።

መጽሐፉ ታተመና በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተመረቀ። ነጋዴው፣ አስተማሪው፣ የቀበሌው ሰው ሁሉ መጣ። እኔ በሩ አጠገብ መጽሐፉን እሸጣለሁ። ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ወጥቶ በዚያ በሚያምር ድምፁ አራተኛውን ምዕራፍ ያነባል። መርሁም እገሌ፣ መርሁም እገሌ እያለ ሲወርድ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ። ወዳጆቻቸው «ስለ እኛ መጽሐፍ ተጽፏል» ብለው ከገለምሶ ይዘዋቸው መጥተው ነበር።

«ቆይ፣ ቆይ አንተ ልጅ!» አሉ። «ጀናዛዬ ላይ፣ ቀብሬ ላይ ማን ሰገደ? ለእኔ ሳይነገረኝ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዳይሬክተሩ ላብ አጠመቀው። ከዚያ ጣቱን አነሳና ወደ በሩ፣ ወደ እኔ ቀሰረ።

«ይቅርታ ሐጂ፣ ይቅርታ። የታይፒስቷ ስህተት ነው።»

ያ ሁሉ ዐይን ዞረ። እጄ ላይ አምስት መጽሐፍ ነበር፤ ወደ ደረቴ እንደያዝኳቸው ቆምኩ።

ወሬው በዚያ አልቆመም። ቦኬ ያገባችው የሐጂ ልጅ «አባትሽ ከሟቾቹ ጋር ተጽፏል» ሲሏት ደረቷን እየመታች ገለምሶ ደረሰች አሉ። አባቷን ምሳ ሲበሉ አገኘቻቸው። ይህ ብቻ ቢሆን ሳቅ ሆኖ ይቀር ነበር። ሐጂ ግን ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ። ሰው «መጽሐፉ ጠራቸው» ማለት ጀመረ። ቆይቶ መጽሐፉ ቀረና የጠራኋቸው እኔ ሆንኩ። ገለምሶ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ጎንበስ ስል ሻጭዋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሰው በቁሙ ሞተ ብለሽ የምትጽፊው ሴትዮ አንቺ ነሽ?»

«ሽንኩርቱ ስንት ነው?» አልኩ።

«ውሰጂው። የእኔን ስም ብቻ እንዳትጽፊ።»

ጎረቤቶቿ ሳቁ። ከዚያ ቀን በኋላ ገለምሶ አልሄድኩም። በዓመቱ ከትምህርት ቤቱ ለቅቄ የራሴን ታይፕ ገዛሁ፤ ኋላ ኮምፒውተር ተተካ። የዚያን መጽሐፍ ረቂቅ፣ የእኔ እርሳስና የእሱ ቀይ እስክሪብቶ ያረፈበትን፣ በገመድ አስሬ ብረት ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። አንድ ቀን ማስረጃ ይሆነኛል አልኩ። ከፍቼው አላውቅም። ምን እንዳለበት አውቃለሁ ብዬ ነበራ።

ባለፈው ዓመት አንድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ዳይሬክተሩ ነው። በከዘራ ተደግፏል፤ ኮቱ ያው ንጹሕ ነው።

«ጠዋት ካልሆነ አትቀበልም ሲሉኝ ማልጄ መጣሁ።»

«ለሁሉም አንድ ነው። ይግቡ።»

መጽሐፉን እንደገና ሊያሳትም ነው። ልጆቹ ገፋፍተውታል፤ አሳታሚው ደግሞ አርታኢ ይየው ብሎታል። ሲጠይቅ የተነገረው የእኔን ስም ነው። ይህንን ሲነግረኝ መስኮቱን ነበር የሚያየው። ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ።

«እሠራዋለሁ» አልኩት። «አንድ ነገር ብቻ። አራተኛው ምዕራፍ ግርጌ ላይ ስህተቱ የደራሲው እንደነበር ይጻፋል። በአዳራሽ የተናገሩትን በመጽሐፍ ይመልሱልኛል።»

«የምን ስህተት?» አለና ፈገግ አለ። «ሰውዬው እኮ ሞተዋል። አሁን መርሁም ናቸው። ስህተቱ ራሱን በራሱ አረመ።»

«በእርስዎ ቤት ስህተት የሚታረመው ሰው እስኪሞት ተጠብቆ ነው?»

ፈገግታው ጠፋ። ከዘራውን ሁለት ጊዜ ወለሉ ላይ መታ መታ አደረገ።

«ረቂቁ አለሽ?»

«አለኝ።»

«ከዚያ ወዲህ አይተሽዋል?»

«ማየት አያስፈልገኝም።»

«እይው። አይተሽ ደውዪልኝ።» ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

ሲወጣ ሳጥኑን አወረድኩ። ገመዱ ደርቆ ስነካው ተበጠሰ። አራተኛው ምዕራፍ፣ የስም ዝርዝሩ። የእርሳሴ ጥያቄ ምልክት እንዳለ አለ። በላዩ የእሱ ቀይ መስመር። ከቀዩ መስመር ሥር ደግሞ፣ በእርሳስ፣ በእኔ የእጅ ጽሑፍ፣ «ይቆይ»።

በእኛ ሥራ «ይቆይ» ማለት አይቼዋለሁ፣ እንዳለ ይታተም ማለት ነው። አርታኢ ብቻ ነው የሚጽፈው። የሥራ ምዘናዬን የሚሞላው እሱ ነበር፤ ከቢሮው እንደወጣሁ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ የጻፍኩት መሆን አለበት። ማንም እጄን አልያዘኝም። ምክንያት ነበረኝ፤ ምክንያት ለነበራቸው ደራሲዎች ግን እኔ እንዴት እንደምመልስላቸው አውቃለሁ።

ሦስት ቀን አልደወልኩም። በእነዚያ ሦስት ቀናት ምን እንደተሰማኝ የራሴ ጉዳይ ነው። በአራተኛው ቀን ደወልኩ።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«እና?» ድምፁ ላይ ድል ነበረበት።

«እና ገለምሶ እንሄዳለን። የሐጂ ልጅ ከቦኬ ተመልሳ አባቷ ቤት ነው የምትኖረው አሉ። ገጹን ፊቷ ያነቡታል። የሞተው ሰው ፊት ማንበብ ስለማንችል።»

«እኔ በዚህ ጉልበቴ?»

«የሚያስፈልገኝ ምላስዎ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። ከሾፌሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ለእሱ ለቀቅኩለት፤ ትልቅ ሰው ነው። የጫት መኪኖች ጡሩምባቸውን እየነፉ በአጠገባችን ሲከንፉ በሩን ጨብጦ ይይዛል። ግማሽ መንገድ ላይ ወደ ኋላ ዞረ።

«ምን የምትለን ይመስልሻል?»

«ትሰድበናለች።»

«ማንን? አንቺን ወይስ እኔን?»

«ምርጫውን ለእሷ እንተውላት።»

ቤቱ ደጃፍ ላይ ሻሽ ያሰረች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ሰፌድ ይዛ ለውዝ ትፈለፍላለች። ሰላምታ ሰጥተን ማን እንደሆንን ነገርናት። እጇ ለአፍታ ቆመ።

«ኮታ! ኑ፣ ግቡ!» አለች። «እግራችሁ እስካሁን የት ጠፋ?»

ገብተን ተቀመጥን። የመጣሁበትን ነገርኳት፤ መጽሐፉ እንደገና ሊታተም እንደሆነ፣ ገጹን ሳትሰማው እንዲታተም እንደማልፈልግ። እሱ መነጽሩን አደረገና ማንበብ ጀመረ። የአባቷ ስም ጋ ሲደርስ ያ የሚያምር ድምፅ ወረደ። ሕጌን አስታወስኩ።

«ድምፅህን ከፍ አድርግ» አለችው። አማርኛዋ እርስዎ አያውቅም። «ጆሮዬ ደክሟል።»

እንደገና አነበበ። «መርሁም ሐጂ...» ከነስማቸው። ሳቀች። አፏን በሻሿ ጫፍ ይዛ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«ያን ቀን አባቴ ቤት ሲገባ ምን አለ መሰላችሁ? ‹ዛሬ ከጀናዛዬ ነው የምመጣው፣ ሰው ግጥም ብሎ ነበር› አለ። እኔ ከቦኬ እያለቀስኩ ስደርስ ‹ቆይ እስቲ ምሳዬን ልጨርስ፣ ከዚያ ታለቅሻለሽ› አለኝ። እስኪሞት በዚህ እንደሳቀ ነው።»

«ታዲያ ሰው በቁሙ የጻፈችው እያሉ እኔን...» ድምፄ ከፈለግኩት በላይ ወጣ።

«ያለሽን ሰው ጠይቂ። እኛ አላልንም።» ለውዙን አስቀመጠች። ሳቁ ከፊቷ ላይ ወርዷል። «እኛ የተቀየምነው በመጽሐፉ አይደለም። አባቴ ሲሞት ለቅሶ ሦስት ቀን ተቀመጥን። ከጭሮ ነጋዴው መጣ፣ ሸኹ መጣ፣ የማናውቀው ሰው ሳይቀር መጣ። ሞተ ብላችሁ የጻፋችሁት ሁለታችሁ ግን ሲሞት አልመጣችሁም።»

ዳይሬክተሩ የከዘራውን እጀታ ያሻሽ ጀመር።

«እኔ እንኳ...» አለ፣ «ትቆጡኛላችሁ ብዬ ነው የቀረሁት።»

የእኔም ምክንያት ይኸው ነበር። ቀድሞኝ ስለተናገረው ሌላ መፈለግ ነበረብኝ፤ አላገኘሁም። «አጥፍቻለሁ» አልኳት። ይህንን ቃል ለማንም አዘውትሬ አልለውም።

መዳፎቿን ወደ ላይ ዘረጋች። እኔም ዘረጋሁ። ለአባቷ ዱዓ አደረግን፣ ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ። እሱም መዳፉን ከፍቶ አብሮን ተቀመጠ። ስትጨርስ በመጨረሻ የሁለታችንንም ስም ጠራች። ዳይሬክተሩ ቀና ብሎ አየኝ። ለሕያውም ይደረጋል አላልኩዎትም ነበር የሚለውን በዐይኔ ነገርኩት።

«እንግዲህ መርሁም የሚለውን እናውጣው?» አለ እየተጣደፈ።

«ለምን ይወጣል? አሁን እውነት ነው» አለች። «ከሥሩ ግን እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ ይህ ሲጻፍ ሕያው ነበር። ሰምቶም ስቋል።»

ጉልበቴ ላይ ጻፍኩት። ስህተቱ የማን እንደሆነ ይጻፍ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «እሱን እናንተ ታውቃላችሁ» አለችና አንዳንድ እፍኝ ለውዝ ሰጠችን። በመንገዳችን በገበያው በኩል አለፍን። ሽንኩርት ገዛሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ አሁን ጎን ለጎን ነበር የተቀመጥነው። ከእሷ ቃል ሥር አንድ መስመር ጨመርኩና ወረቀቱን ሰጠሁት፦ «ስህተቱ የደራሲውና የአርታኢዋ ነው።» መነጽሩን አድርጎ አነበበው።

«አርታኢዋ? ያኔ እኮ ታይፒስት ነበርሽ።»

«እንደፈለጉ። ታይፒስት ከነበርኩ የተሰጠኝን ነው የመታሁት፤ ስህተቱ ሁሉ የእርስዎ ይሆናል። ግማሹን እንድሸከምልዎ ከፈለጉ አርታኢ ነበርኩ።»

ለውዙን አንድ አንድ እያደረገ እየበላ እስከ በዴሳ ድረስ አሰበበት። በዴሳ ላይ ሰው ወርዶ ሰው ሲሳፈር ወረቀቱን መለሰልኝ።

«እሺ። አርታኢ ይባል። የውስጥ ገጹም ላይ ስምሽ እንደዚያው ይግባ።» ትንሽ ቆይቶ፣ «ግን ደራሲው ይቅደም?» አለ።

«ይቅደሙ» አልኩት። ስህተቱ ላይ የፊተኛውን ቦታ ያለ ክርክር ሰጠሁት።